አስመራ ከሌጎስ የራቀችባቸው ዓመታት

ከአዲስ አበባ ቦሌ አስመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ ሌጎስ ደግሞ 3,900። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከአምስት እጥፍ በላይ ስለሚርቅ፣ የትኛው ከተማ ይቀርባል ብሎ መጠየቅም የሚያስፈልግ አይመስልም። ይሁንና ከ1990 ዓ.ም የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ለሃያ ዓመት ያህል መልሱ ተገልብጦ ኖሯል። በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል ቀጥታ በረራ ስላልነበረ፣ ጉዞው የተፈቀደለት መንገደኛ በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በካይሮ በኩል ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,470፣ ከካይሮ አስመራ 1,820፣ በድምሩ 4,290 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዱባይ በኩል ከዞረ ደግሞ ድምሩ ከ4,500 ያልፋል። ጠዋት ከቦሌ የተነሳ የሌጎስ ነጋዴ ከሰዓት በኋላ ገበያው ውስጥ ሲገኝ፣ አስመራ የሚሄደው ሰው ገና የትራንዚት አዳራሽ ወንበር ላይ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር ከዚህ ሒሳብ ይነሳል። የበረራ ሰዓት የኪሎ ሜትር ልጅ እንደሆነ አድርገን ማሰብ ለምደናል፤ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ማካፈል፣ የተገኘውን ትኬቱ ላይ መጻፍ። በአፍሪካ ሰማይ ላይ ግን ኪሎ ሜትሩ የሚነግረን ጉዞው ከስንት ሰዓት በታች ሊሆን እንደማይችል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረውን ጊዜ ጥቂቱን ተፈጥሮ ይጨምረዋል፤ ትልቁን ግን የሚጨምሩት በምድር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የአየር ክልል የሚከፍቱና የሚዘጉ መንግሥታት፣ የበረራ መብት የሚደራደሩ ሹማምንት፣ መናኸሪያቸውን የሚመርጡ አየር መንገዶች። ይህን ለማሳየት ከየድርሻቸው መጀመር ይሻላል፤ ርቀቱ ምን ያህሉን፣ አየሩ ምን ያህሉን፣ ፊርማው ምን ያህሉን እንደሚወስድ።

ርቀቱን መለካት አስቸጋሪ አይደለም። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለ360 ዲግሪ ሲካፈል ለአንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። አዲስ አበባና አስመራ ለዚህ ስሌት ሆን ተብለው የተቀመጡ ይመስላሉ። ሁለቱም በ38ኛውና በ39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ መካከል፣ ለ39ኛው ተጠግተው፣ አንዷ ከሌላዋ በቀጥታ ሰሜን ላይ ናቸው። ቦሌ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ አስመራ በ15.3 ላይ ስለሆኑ ልዩነቱ 6.3 ዲግሪ ነው፤ በ111 ሲባዛ 700 ይመጣል። ከፍታቸው እንኳ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣሉ። ሌጎስ በምዕራብ በኩል ስለሆነች እንዲህ በአንድ ማባዛት አትገኝም፤ ሉል ላይ ክር ወጥሮ አጭሩን መስመር መፈለግ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወጠር ክር ወደ ሰሜን በጣም ስለሚጎብጥ ጠፍጣፋ ካርታ የለመደውን ዓይን ግራ ያጋባል። የሌጎሱ ክር ግን በምድር ወገብ አጠገብ ስለሚያልፍ ከካርታው መስመር ብዙም አይለይም፤ በደቡብ ሱዳን፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በካሜሩን ላይ አድርጎ ናይጄሪያ ይገባል።

አቅጣጫውን በደንብ የሚያሳየው ካርታ ስፋቱን ግን ይደብቃል። ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የኖረው የመርካቶር ካርታ እ.ኤ.አ በ1569 ለባሕረኞች የተሠራ ነው፤ አቅጣጫን ለመጠበቅ ሲል ከምድር ወገብ የራቀውን ሁሉ ያሰፋል። ስለዚህ ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር የምትስተካከል መስላ ትታያለች፤ በእውኑ አፍሪካ 14 እጥፍ ትበልጣለች። የዚህ ውጤት የአህጉራችንን ርቀቶች ዘወትር አሳንሰን መገመታችን ነው። ከአዲስ አበባ ዳካር 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ለንደን 5,900። ሮም ከዳካር በ1,600 ኪሎ ሜትር ትቀርበናለች። ይህን መቀበል ለክርክሬ የማይመች ሊመስል ይችላል፤ በአፍሪካ ውስጥ መጓዝ ረጅም ሰዓት የሚፈጀው አህጉሩ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ነው የሚል ሰው እዚህ ጥሩ ማስረጃ ያገኛል። ለአዲስ አበባና ዳካር እውነት አለው። ነገር ግን ስፋት የሚያስረዳው ረጅሙ መንገድ ለምን ረዘመ የሚለውን ነው፤ 700 ኪሎ ሜትር ለምን 4,290 እንደሆነ አያስረዳም።

ወደ ሰዓቱ እንለፍ። የዛሬ ሰፊ አካል ጄቶች፣ ድሪምላይነርም ሆነ ኤርባስ 350፣ ከፍታ ላይ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። በዚህ ፍጥነት 3,900 ኪሎ ሜትር በአራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልቃል። ትኬቱ ላይ የሚታየው ግን ከአምስት ሰዓት በላይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው የአየር መንገድ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው መቆሚያ ላይ እስኪቆም በመሆኑ ነው፤ ወደ ማኮብኮቢያው መንዳት፣ ተራ መጠበቅ፣ መውጣት፣ መውረድ፣ ለማረፍ መሰለፍ ሁሉ ይገባበታል። ይህ ጊዜ መንገዱ ቢያጥርም ቢረዝምም ያው ነው፤ ስለዚህ አጭር በረራ ሁልጊዜ ቀርፋፋ ነው። ከሌጎስ አክራ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጄት ግን አንድ ሰዓት ያህል ይያዝለታል። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ በአዲስ አበባና ሌጎስ መስመር ላይ የሚገኘው አማካይ 750 ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በሁለቱ መስመሮች ላይ እኩል ደቂቃ አይገዛም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቴክኖሎጂ ወደፊት ሰዓቱን ያሳጥረዋል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ታሪኩ ይህን ተስፋ ብዙም አይደግፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎችን፣ ያስገባው በ1955 ዓ.ም ነው፤ የእነዚያ አውሮፕላኖች የመንገድ ፍጥነት ከዛሬው ድሪምላይነር ብዙም አይተናነስም ነበር። ከስልሳ ዓመት በላይ የጄት ፍጥነት ቆሞ ኖሯል፤ ከድምፅ ፍጥነት አጠገብ ሲደርሱ የአየሩ መጋፋት በጣም ስለሚጨምር፣ ትንሽ ለመፍጠን ብዙ ነዳጅ መክፈል ይጠይቃል። የተለወጠው ሞተሩ ነዳጅ መቆጠቡና አውሮፕላኑ ሳያርፍ ሩቅ መድረሱ ነው፤ ይህም በመንገድ ላይ የነበሩ ማረፊያዎችን አስቀርቷል። ሰዓቱ ያጠረውም ማረፊያ በመቀነሱ ነው። ይህን ልብ ማለት ጥሩ ነው፤ መንገደኛውን ከፍጥነት ማነስ ይልቅ የማረፍ ብዛት እንደሚያዘገየው ያሳያልና።

በነገራችን ላይ፣ ትኬት ላይ ሰዓት የሚያነብ ኢትዮጵያዊ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ሌጎስ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ በ9:00 ተነስቶ በ12:00 የሚደርስ በረራ የሦስት ሰዓት መንገድ መስሎ ይታያል፤ በእውኑ አምስት ነው። መመለሻው ደግሞ ሰባት ሰዓት የፈጀ ይመስላል። በዚያ ላይ ቦሌ ላይ 9:00 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሰው ሌጎስ ቅርብ ናት ወይም ሩቅ ናት ብሎ የሚፈርደው አንዳንዴ እነዚህን ሁለት የሰዓት ለውጦች ሳይቀንስ ነው።

የተፈጥሮን ድርሻ በሚመለከት ስለ ነፋስ ብዙ ይነገራል፤ በትክክልም። ከአውሮፓ አሜሪካ በሚደረገው በረራ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ በመሄጃና በመመለሻ መካከል የአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ልዩነት ያመጣል። በሐሩር ክልል ግን ነፋሱ በአመዛኙ ለዘብ ያለ ነው። በእኛ ክረምት ወራት ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ወደ አፍሪካ የሚነፍስ የምሥራቅ ነፋስ በከፍታ ላይ አለ፤ ወደ ሌጎስ የሚሄደውን ከኋላው ይገፋዋል፣ የሚመለሰውን ይቃወመዋል። በደቂቃ የሚቆጠር ነገር ነው። ከነፋሱ ይልቅ የሚያስቸግረው ደመናው ነው። በምድር ወገብ ዙሪያ የሁለቱ ንፍቀ ክበቦች ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ ከፀሐይ ጋር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል፤ በእርሱ ላይ የሚነሳው የነጎድጓድ ደመና አውሮፕላን ከሚበርበት ከፍታ በላይ ስለሚወጣ በላዩ ማለፍ አይቻልም። የኮንጎ ተፋሰስ በዓለም ላይ መብረቅ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። አብራሪው ራዳሩን እያየ በግራ ወይም በቀኝ ይዞራል፤ የሚጨመረው ግን ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም።

የቦሌ ከፍታ ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው የተፈጥሮ ጉዳይ ነው። በ2,300 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን ያነሰ ያነሳል፣ ሞተሩንም ያነሰ ይመግባል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መፍጠን፣ ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ መጠቀም አለበት፤ ያም ካልበቃ ክብደት ይቀንሳል። የሚቀነሰው ጭነት፣ መንገደኛ ወይም ነዳጅ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት በደብሊን ወይም በሎሜ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ሳያርፍ መምጣቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መንገዱ አንድ፣ ርቀቱ አንድ፤ ሰዓቱ ግን በአነሳሱ ቦታ ይለያያል። በአፍሪካ ውስጥ ግን ሌጎስም ዳካርም ጆሃንስበርግም ከዘመናዊ ጄት አቅም በታች ስለሆኑ ከፍታው ብቻውን ማረፊያ አያስጨምርም። እንግዲህ ነፋሱንም ደመናውንም ከፍታውንም ብንደምር በአህጉሩ ውስጥ ባለ በረራ ላይ የተፈጥሮ ድርሻ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይርቅም። ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን፣ አንዳንዴም ሌሊት የሚያሳድረውን ጉዞ ሌላ ነገር ሠርቶታል።

ያ ሌላ ነገር ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ አገር በላዩ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት እንዳለው ደንግጓል። መሬት ላይ ድንበር እንዳለ ሁሉ አየር ላይም አለ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሁለቱ አይገጣጠሙም። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ በ2011 ነጻ ከወጣች በኋላም የላይኛው አየር ክልሏን የሚቆጣጠሩት ካርቱም የተቀመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳና የሱዳን አየር ክልል ሲዘጋ፣ መዘጋቱ በጁባ ላይ ያለውንም የከፍታ ሰማይ ነካ። ከአዲስ አበባ ካይሮ የሚሄደው ቀጥታ መስመር በሱዳን ላይ ያልፋል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ መንገዱ ሁሉ ሱዳንን የሚዞር ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት ኒጀር ከመፈንቅለ መንግሥት በኋላ አየር ክልሏን ለአንድ ወር ገደማ ዘጋች። ሊቢያ አስቀድሞም አስጊ ስለነበረች፣ ከአውሮፓ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚበሩት በሰሃራ ላይ የቀረላቸው መተላለፊያ ጠባብ ነበር፤ አንዳንዶቹ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ዞረዋል። ከተሞቹ ከቦታቸው አልተነሱም፤ ነፋሱም ያው ነበር።

ይህ የጦርነት አደጋ ነው እንጂ የተለመደው ሁኔታ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ታሪክ ግን ሰማይ መዝጋት አንዳንዴ ሆን ተብሎ፣ በሰላም ጊዜ፣ በስብሰባ የተወሰነ ፖሊሲ እንደነበር ያሳየናል፤ ስብሰባውም የተደረገው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ግንቦት 1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት መሪዎች የደቡብ አፍሪካና የፖርቱጋል አውሮፕላኖች በአባል አገሮች ላይ እንዳይበሩ ጥሪ አቀረቡ። በወራት ውስጥ የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ወደ አውሮፓ የሚያደርገው በረራ በአህጉሩ ላይ ማለፉ ቀርቶ፣ በአትላንቲክ በኩል የምዕራብ አፍሪካን ሆድ የሚዞር ሆነ፤ በኬፕ ቨርዴዋ የሳል ደሴት ነዳጅ ይሞላ ጀመር። ቆየት ብሎ አየር መንገዱ ሩቅ የሚበረውን ቦይንግ 747 ኤስፒ እ.ኤ.አ ከ1976 ጀምሮ ያስገባበት አንዱ ምክንያት ይህን ዙር ለመቻል ነበር። የአፓርታይድ ሥርዓት ሊፈርስ እስኪቃረብ ድረስ ጆሃንስበርግ ከለንደን የነበራት የአየር ርቀት በመልክዓ ምድር ሳይሆን በማዕቀብ የሚለካ ነበር። እዚያ ላይ መዞሩ ቅጣት ስለነበር ማንም አፍሪካዊ አያዝንም። ለእኛ ክርክር የሚጠቅመው ግን መሪዎቹ አስቀድመው ያወቁት ነገር ነው፤ ሰዓት መጨመር የፖለቲካ መሣሪያ መሆን እንደሚችል።

የአዲስ አበባና የአስመራ መስመር ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ያሳያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ መንገድ ላይ ያረፈው አስመራ ነው። ማለትም ድርጅቱ ከተማዋን ያወቃት ከሁሉም መዳረሻዎቹ ቀድሞ ነው። ከ1990 ዓ.ም ጦርነት ጋር መስመሩ ተዘጋ። የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፣ ጥይቱ ቢቆምም፣ ሰማዩ አልተከፈተም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም መስመሩ ሲከፈት፣ ሰዎች በአውሮፕላኑ መተላለፊያ ላይ የጨፈሩትና ያለቀሱት ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚያልፍ በረራ ላይ ነው። አውሮፕላኖቹ ለረጅም መንገድ የተሠሩ ድሪምላይነሮች ነበሩ፤ ለ700 ኪሎ ሜትር የማያስፈልግ ግዝፈት፣ ግን ለተጠራቀመው መንገደኛ የሚያስፈልግ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም አየር መንገዱ በረራውን እንደገና አቋረጠ። በሁለቱ ቀናት መካከል ባለው ስድስት ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ አስመራ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ከሙሉ ቀን ወደ አንድ ሰዓት ወርዶ፣ ተመልሶ ወደ ነበረበት ወጥቷል። ኪሎ ሜትሩ ከ700 ፈቀቅ አላለም።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከፖለቲካ ሳይሆን ከገበያ በኩል ይመጣል። አብዛኞቹ የአፍሪካ ከተሞች በቀጥታ በረራ ያልተገናኙት ማንም ስለከለከለ አይደለም ይላል፤ አውሮፕላን የሚሞላ ሰው ስለሌለ ነው። 150 ወንበር ያለው ጄት በየቀኑ በሁለት ከተሞች መካከል ለማመላለስ በየቀኑ ወደ 150 የሚጠጋ ከፋይ ያስፈልጋል፤ ያ ከሌለ መንገደኞችን በአንድ መናኸሪያ ሰብስቦ መበተን ብቸኛው አዋጭ መንገድ ነው፤ አውሮፓና አሜሪካም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ይህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን ግን ምክንያትና ውጤት ያገላብጣል። ፍላጎት የሚለካው በተሸጠ ትኬት ከሆነ፣ ውድና ዙሪያ ጥምጥም የሆነ መንገድ ላይ ትኬት ያለመሸጡ የሚያስደንቅ አይደለም። ደቡብ አፍሪካና ኬንያ እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የበረራ ስምምነታቸውን ሲያላሉ የመንገደኛው ቁጥር በ69 በመቶ መጨመሩን የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ያስጠናው ጥናት መዝግቧል። ያ ሰው ድንገት አልተወለደም፤ ቀድሞም መሄድ የሚፈልግ ነበር።

መናኸሪያም ቢሆን የት እንደተተከለ ይወስናል። ከአክራ ኪንሻሳ በቀጥታ 2,060 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ መንገደኛ በአዲስ አበባ በኩል ከሄደ መጀመሪያ 4,300 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ 3,000 የሚጠጋ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመለሳል፤ ሦስት እጥፍ ተኩል። ለቦሌ ይህ ጥሩ ንግድ ነው፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢም በአየር መንገዱ ሲኮራ የኩራቱ አንዱ ክፍል በሌሎች ዙሪያ ጥምጥም ጉዞ ላይ የቆመ መሆኑን ማወቅ አለበት። አየር መንገዱ ራሱ ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ በ2010 ሥራ በጀመረው የአስካይ አየር መንገድ ድርሻ ይዞ ሎሜን የምዕራብ አፍሪካ መናኸሪያ ማድረጉ ለዚህ ምስክር ነው። ከአክራ ሎሜ ድንበር አቋርጦ እንደመሄድ ነው፤ የአክራው ሰው በዚያ በኩል ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሲወርድ ብዙም አይዞርም። ገበያው ጠባብ ቢሆንም፣ ሰው ወደሚሄድበት አቅጣጫ የተተከለ መናኸሪያ ግማሽ ቀን ይቆጥባል። ግን አንድ አየር መንገድ በሰው አገር መናኸሪያ ለመትከልና ከዚያ ወደ ሦስተኛ አገር መንገደኛ ለመጫን መብት ያስፈልገዋል፤ መብቱ ደግሞ በገበያ አይሸጥም፣ ከመንግሥታት ይጠየቃል።

መንግሥታት ይህን ለመፍታት ቃል ከገቡ ቆይተዋል። የያሙሱክሮ ውሳኔ እ.ኤ.አ በ1999 የአፍሪካ አየር መንገዶች በአህጉሩ ውስጥ በነጻነት እንዲበሩ የታሰበበት ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያህል በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ጥር 20 ቀን 2010 ዓ.ም የአፍሪካ ኅብረት በአዲስ አበባው ጉባኤ አንድ ወጥ የአፍሪካ አየር ትራንስፖርት ገበያን በ23 አገሮች ሲያስጀምር ያንኑ ውሳኔ ከመደርደሪያ ማውረዱ ነበር። የፈረሙት ቁጥር ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፤ የበረራ መብት ድርድር ግን ዛሬም በአብዛኛው ሁለት ሁለት አገር ሆኖ ነው የሚካሄደው። የሚያመነቱት መንግሥታት የሚሰጡት ምክንያት የብሔራዊ አየር መንገድ ጥበቃ ነው። ጥበቃው ግን የተጠበቁትን አላዳናቸውም፤ አሥራ አንድ አገሮች እ.ኤ.አ በ1961 በጋራ ያቋቋሙት ኤር አፍሪክ በ2002፣ የናይጄሪያ አየር መንገድ በ2003 ፈርሰዋል፤ ሁለቱም ሰማያቸው በደንብ የተከለለ ነበር።

የናይጄሪያውያን ሥጋት ግን በዚህ ብቻ ተመልሶ አይቀርም። መንግሥታቸው አዲስ ብሔራዊ አየር መንገድ ለማቋቋም 49 በመቶውን ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ሊሰጥ ባሰበ ጊዜ፣ የአገሩ አየር መንገዶች ሌጎስ ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዕቅዱም ቆመ። ተከራካሪዎቹ ያሉት በአጭሩ፣ ትልቁ ሲገባ ትንንሾቹ ይዋጣሉ ነው። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ ክፍት ሰማይ የሚጠቅመው ብዙ አውሮፕላን፣ ርካሽ ብድርና የራሱ የጥገና ማዕከል ላለው መሆኑን ማንም አይክድም። የማይነገረው ግን ሥጋቱ ዋጋ እንዳለውና ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። አየር መንገዶቹ ከውድድር ሲጠበቁ፣ ቀጥታ በረራ ያጣው መንገደኛ ለሁለት በረራ ነዳጅ፣ ለሁለት ማረፊያ ክፍያ፣ ለአንድ ሌሊት ሆቴል፣ አንዳንዴም ለማያርፍበት አገር የትራንዚት ቪዛ ይከፍላል። ይህ ወጪ በየትኛውም መንግሥት በጀት ላይ አይጻፍም፤ የሚጻፈው የመንገደኛው ትኬት ላይ ነው፣ ያውም እንደ ርቀት ተቆጥሮ።